የቆመ መኪናም ይሄዳል

በዚህ እትም በትምህርት አምዳችን ይዤላችሁ የቀረብኩት ስለ ትራፊክ ደህንነት ነው። «ኧረ ይሄንንማ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እናውቀዋለን፤ ዜብራ ላይ ተሻገሩ ልትዪን ነው» እንዳትሉኝ! ዛሬ የምጽፈው ስለ አስፋልቱ አይደለም። መኪና ስለሚቆምባቸው ግቢዎች ነው። ማለትም ስለ ኮንዶሚኒየም ግቢ፣ ስለ ሕንፃ ሥር ፓርኪንግ፣ ስለ ሱፐርማርኬትና ስለ ክሊኒክ ግቢ፣ እንዲሁም ስለ ትምህርት ቤት በር።

ለምን ይህን ርዕስ መረጥሽ ካላችሁኝ ምክንያቴ ይህ ነው። አስፋልት ዳር ስንደርስ ሁላችንም እንጠነቀቃለን። የታናሻችንን እጅ እንይዛለን፣ ግራና ቀኝ እናያለን። ግቢ ውስጥ ስንገባ ግን ጥንቃቄያችንን በር ላይ ለጥበቃው አስረክበን የምንገባ ነው የሚመስለው። እንሮጣለን፣ ኳስ እንጫወታለን፣ መኪና ጀርባ እንደበቃለን። ከልጅነታችን ጀምሮ «ከግቢ እንዳትወጡ!» እየተባልን ስላደግን ግቢ ማለት አደጋ የሌለበት ቦታ ይመስለናል። ግን እኮ መኪናውም የሚያድረው እዚያው ግቢ ውስጥ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓለም ላይ በዓመት 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በትራፊክ አደጋ ሕይወታቸው ያልፋል። ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት ለሆነ ልጆችና ወጣቶች ደግሞ ከሞት ምክንያቶች ሁሉ አንደኛው የትራፊክ አደጋ ነው። እኛ የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎችም ሆንን አንደኛ ክፍል ያሉት ታናናሾቻችን በዚህ ዕድሜ ውስጥ ነን። በአዲስ አበባም በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት ሰዎች አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። እግረኛ ማለት ደግሞ ሌላ ሰው አይደለም፣ እኛው ነን።

እንግዲህ ወደ ትምህርቱ እንግባ።

1. ፓርኪንግ ከመንገድ በምን ይለያል?

መንገድ ላይ የመኪናና የሰው ቦታ ተለይቶ ተቀምጧል። መኪና ቀኙን ይዞ ይሄዳል። እግረኛ በእግረኛ መንገድ ይሄዳል፤ የእግረኛ መንገድ ከሌለ ደግሞ ግራውን ይዞ ከፊት የሚመጣውን መኪና እያየ ይጓዛል። ለመሻገሪያ ዜብራ አለ፣ የትራፊክ መብራት አለ፣ ትራፊክ ፖሊስም አለ። ስለዚህ መኪና ከየት በኩል እንደሚመጣ ቀድመን እናውቃለን። ስንሻገር መጀመሪያ ወደ ግራ፣ ቀጥሎ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ እንደገና ወደ ግራ የምናየውም በምክንያት ነው። በአገራችን መኪና ቀኙን ይዞ ስለሚሄድ ከአስፋልቱ ጠርዝ እንደወረድን መጀመሪያ የሚያገኘን መኪና ከግራችን የሚመጣው ነው።

ፓርኪንግ ውስጥ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ብዙ ጊዜ የእግረኛ መንገድ የለም፣ ዜብራ የለም፣ መብራት የለም። መኪናና ሰው አንድ መሬት ላይ ይሄዳሉ። መኪናው ከፊት ብቻ ሳይሆን ከኋላ፣ ከጎን፣ ከሁለት መኪናዎች መሃልም ሊመጣ ይችላል። ሹፌሩም ሥራ በዝቶበታል። ባዶ ቦታ ይፈልጋል፣ አጠገቡ ያለውን መኪና እንዳይጭር ይጠነቀቃል፣ የሚከፍለውን ገንዘብ ከኪሱ ያወጣል። በዚያች ሰዓት ዓይኑ እኛ ላይ ላይሆን ይችላል።

ዋናው ልዩነት ግን ይህ ነው። መንገድ ላይ የምንፈራው የሚሄደውን መኪና ነው። ፓርኪንግ ውስጥ ልንፈራ የሚገባን ቆሞ የነበረውንና አሁን ሊነሳ የተዘጋጀውን መኪና ነው። የሚሄድ መኪና ራሱ «መጣሁ» ይላል። የቆመ መኪና ግን ቆሞ ስለምናየው እንደ ግድግዳ እንቆጥረዋለን። ግድግዳ ደግሞ አይነሳም፤ መኪና ግን ይነሳል።

«የግል ግቢ ስለሆነ እዚያ የትራፊክ ሕግ አይሠራም» የሚሉ ሰዎችም አሉ። እውነት ነው፣ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ትራፊክ ፖሊስ ቆሞ አናይም። ነገር ግን በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በቸልተኝነት ሰው መግደልንም ሆነ በቸልተኝነት አካል ላይ ጉዳት ማድረስን ወንጀል ነው ይላል። አስፋልት ላይ ሲሆን ብቻ ነው አይልም። የግቢው ባለቤት ወይም ኮሚቴውም ቢሆን የፍጥነት ምልክት መትከል፣ መግቢያና መውጫውን በቀስት ማሳየት ይችላል። ስለዚህ የአጥር ግንብ ሕግን አያስቀርም። አደጋንም አያስቀርም።

2. ሹፌሩ የማያየው ቦታ

«ሹፌሩ እኮ ያየኛል» እንላለን። እስቲ በሂሳብ እንየው። ሬሾና ፕሮፖርሽን የተማራችሁ ትረዱታላችሁ፤ ያልተማራችሁም በወረቀት ላይ ስላችሁ ሞክሩት። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ነው የወሰድኳቸው፤ መኪና ከመኪና ይለያያል።

አንድ ሹፌር ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ዓይኑ ከመሬት 120 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሏል እንበል። ዞር ብሎ በኋላ መስታወት ያያል። የኋላው መስታወት የታችኛው ጠርዝ ከመሬት 100 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ከሹፌሩ ዓይን እስከዚያ ጠርዝ ድረስ ደግሞ 2 ሜትር ነው። እንግዲህ የሹፌሩ እይታ በ2 ሜትር ውስጥ 20 ሳንቲ ሜትር ዝቅ አለ ማለት ነው። ይህም በየ1 ሜትሩ 10 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ከመስታወቱ ጠርዝ በኋላም በዚያው ልክ እየወረደ ይሄዳል፦

ከጠርዙ 1 ሜትር ርቆ፣ ሹፌሩ የሚያየው ከ90 ሳንቲ ሜትር በላይ ያለውን ብቻ ነው።
ከጠርዙ 2 ሜትር ርቆ፣ ከ80 ሳንቲ ሜትር በላይ ያለውን ብቻ።
ከጠርዙ 5 ሜትር ርቆ፣ ከ50 ሳንቲ ሜትር በላይ ያለውን ብቻ።
መሬቱን ራሱን ለማየት 10 ሜትር መራቅ አለበት።

አሁን አንድ ትንሽ ልጅ ቁጢጥ ብሎ ብይ ሲጫወት አስቡት። ቁጢጥ ሲል ቁመቱ ግማሽ ሜትር ቢሆን፣ በምሳሌያችን መሠረት እስከ 5 ሜትር ድረስ ለሹፌሩ የለም ማለት ነው! ጀርባው ከፍ ያለ መኪና፣ ለምሳሌ ፒክአፕ ወይም ዕቃ የጫነ ሚኒባስ ሲሆን ደግሞ ይብሳል።

«ታዲያ ስፖኪዮ አለው አይደል?» ልትሉ ትችላላችሁ። አለው። ስፖኪዮ ግን የሚያሳየው ጎንና ጎኑን ነው፤ በቀጥታ ከመኪናው ጀርባ ሥር ያለውን አያሳይም። አንዳንድ መኪናዎች የኋላ ካሜራ አላቸው፤ ብዙዎቹ ግን የላቸውም። ካሜራ ያለውም ቢሆን በክረምት ጭቃ ሊሸፍነው ይችላል።

ባለፈው ክረምት እኛ ሰፈር የሆነውን ልንገራችሁ። አንድ ፒክአፕ ሞተሩ ተነስቶ ሊወጣ ነው። ሹፌሩ ግራውን አየ፣ ቀኙን አየ፣ ክላክስም አደረገ። ያደረገው ሁሉ ትክክል ነበር። ከመኪናው ጀርባ ግን የአራት ዓመት ልጅ ቁጢጥ ብሎ ጎማ ሥር የገባች ብዩን ሊያወጣ ይጥራል። ክላክሱን ሰምቷል፤ ግን ለእሱ ነው ብሎ አላሰበም። መኪናው ወደ ኋላ መንቀሳቀስ ሲጀምር ሁለተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ልብስ የሚያሰጡ እናት «ቁም! ልጅ አለ! ልጅ አለ!» ብለው ጮኹ። ቆመ። በልጁና በመኪናው መሃል የቀረው ስንዝር አይሞላም ነበር። ሹፌሩ ወርዶ ልጁን ሲያየው መናገር አቅቶት ኮብልስቶኑ ላይ ቁጭ አለ። ልጁ ብዩን አገኘና ሮጦ ሄደ። ምን እንደተረፈ ዛሬም አያውቅም።

ይህን የነገርኳችሁ ሹፌሩን ልወቅስ ብዬ አይደለም። እንዲያውም ጠንቃቃ ሹፌርም ማየት የማይችለው ቦታ እንዳለ ለማስረዳት ነው።

3. ሊነሳ የተዘጋጀ መኪና በምን ይታወቃል?

የቆሙትን መኪናዎች ሁሉ እየፈራን መኖር አንችልም። ደስ የሚለው ነገር፣ መኪና ከመነሳቱ በፊት ምልክት ይሰጣል። ምልክቶቹን ማንበብ ከቻልን ፓርኪንግ ውስጥ ያለ ትራፊክ መብራት ራሱ መኪናው ነው።

ሀ. ሹፌሩ ቦታ ላይ ሰው አለ ወይ? ባዶ መኪናና ሰው ያለበት መኪና አንድ አይደሉም። ሰው ካለበት «ሊነሳ ይችላል» ብላችሁ እለፉ።

ለ. ከኋላ ነጭ መብራት በርቷል ወይ? ቀዩ የፍሬን መብራት ነው፣ ብርቱካናማው ፍሬቻ ነው። ነጩ ግን «የኋላ ማርሽ አስገብቻለሁ፣ ወደ ኋላ ልመጣ ነው» ማለት ነው። ነጭ መብራት ያያችሁበት መኪና ጀርባ በጭራሽ እንዳታልፉ። ግን ልብ በሉ፣ አምፖሉ የተቃጠለበት መኪናም ስላለ ነጭ መብራት አለመብራቱ ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

ሐ. የፍሬን መብራቱ በርቶ ጠፋ ወይ? ሹፌሩ እግሩን ፍሬን ላይ አድርጓል ማለት ነው። ሊነሳ ይችላል።

መ. የፊት ጎማው እየዞረ ነው ወይ? መሪውን ማዞር ጀምሯል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። መኪና መሪው ተጠምዝዞ ወደ ኋላ ሲሄድ አፍንጫው ወደ ጎን ይወጣል። ስለዚህ «ወደ ኋላ ነው የሚሄደው፣ እኔ ከፊቱ ጎን ነኝ» ብሎ መቆም አያድንም።

ሠ. ታጥፎ የነበረው ስፖኪዮ ተዘረጋ ወይ? ከተዘረጋ ሹፌሩ ሊሄድ ነው።

ረ. የፓርኪንግ ሠራተኛው ከመኪናው ኋላ ቆሞ «ና! ና! ና! ቁረጠው! በቃ!» እያለ ነው ወይ? በሠራተኛውና በመኪናው መሃል ማቋረጥ ክልክል ነው። ሹፌሩ የሚሰማው የሠራተኛውን ድምፅ ነው፤ ሠራተኛው የሚያየው ደግሞ መኪናውን ነው። በመሃል የገባውን ሰው ሁለቱም ላያዩት ይችላሉ።

ሰ. ድምፅ። እስከ አሁን ብዙዎቻችን የሞተር ድምፅ ሰምተን ነበር ገለል የምንለው። አሁን ግን ጆሮ ብቻውን አይበቃም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ በመከልከሉ የኤሌክትሪክ መኪናዎች በየሰፈሩ እየበዙ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ጭስ የለውም፤ ለአካባቢያችን ጥሩ ነው። ነገር ግን ቀስ ብሎ ሲሄድ ድምፁ በጣም ትንሽ ነው። ሲነሳም የሞተር ማጓራት የለም። ስለዚህ ፓርኪንግ ውስጥ ጆሯችሁ ላይ ኢርፎን አድርጋችሁ ስልክ እያያችሁ አትሂዱ፤ ዓይናችሁንም ተጠቀሙ።

4. «ቀስ ብሎ እኮ ነው የሚሄደው»

ይህም ሌላው የተሳሳተ ሐሳብ ነው። መጀመሪያ ስለ ክብደት። ቪትዝ የምንላት ትንሿ መኪና እንኳ ወደ 10 ኩንታል ትጠጋለች። 10 ኩንታል ጤፍ በጎማ ላይ ሆኖ ሲመጣ አስቡት። ቀስ ብሎ ቢመጣም ሰውን መጣልና መጫን ይችላል። በተለይ ከኋላው ግድግዳ ወይም ሌላ መኪና ካለ የምንሸሽበት ቦታ የለም።

ቀጥሎ ስለ ፍጥነት። በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ ስንት ሜትር ይሄዳል? 10 ኪሎ ሜትር 10,000 ሜትር ነው። አንድ ሰዓት 3,600 ሴኮንድ ነው። 10,000 ሲካፈል ለ3,600 ወደ 2.8 ሜትር ይሆናል። በሰዓት 20 ከሆነ 5.6 ሜትር፣ በሰዓት 30 ከሆነ ደግሞ 8.3 ሜትር በሴኮንድ ማለት ነው።

አንድ መኪና የሚቆምበት ቦታ ብዙውን ጊዜ 2 ሜትር ተኩል ያህል ስፋት አለው። ሹፌሩ ከሁለት መኪናዎች መሃል ሮጦ የወጣ ልጅ አይቶ እግሩን ወደ ፍሬን እስኪያደርስ አንድ ሴኮንድ ቢፈጅበት፣ በሰዓት 10 የሚሄደው አንድ የመኪና ቦታ አልፎ ነው ፍሬን መያዝ የሚጀምረው። በሰዓት 30 የሚሄደው ግን ከሦስት በላይ ያልፋል። ያም ገና ፍሬን ሳይዝ ነው! ፍሬን ከያዘ በኋላ ደግሞ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን እስኪቆም የሚሄደው ርቀት እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ይሆናል። መሬቱ በዝናብ ከረጠበ ወይም ኮብልስቶኑ ላይ ጭቃ ካለ ከዚህም ይጨምራል።

ስለ ሕንፃ ሥር ፓርኪንግ አንድ ነገር ልጨምር። በሳይንስ ትምህርት እንደተማርነው የዓይናችን ብሌን በብርሃን ይጠባል፣ በጨለማ ይሰፋል። ሹፌሩ ከቀትር ፀሐይ ወደ ጨለማው ቤዝመንት ሲገባ ዓይኑ እስኪለምድ ድረስ ደህና አድርጎ አያይም። በዚያች ሰዓት መኪና በሚወርድበት ተዳፋት ላይ በእግሩ የሚሄድ ሰው ካለ አደጋ ነው። ስለዚህ በመኪናው መውረጃ አትግቡ። ደረጃ አለ፣ ሊፍት አለ፤ በዚያ ሂዱ።

5. ፓርኪንግ ውስጥ ልንከተላቸው የሚገቡ ሕጎች

እስከ አሁን ያልኩትን በአጭሩ ላስቀምጠው። ደብተራችሁ ላይ ብትገለብጡት ደስ ይለኛል።

አንደኛ፣ ፓርኪንግ ውስጥ አትሩጡ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል፤ የፈሰሰ ይለቀማል፣ ሕይወት ግን አይለቀምም።

ሁለተኛ፣ በሁለት መኪናዎች መሃል ማለፍ ግድ ከሆነ የመኪናዎቹ ጫፍ ላይ ስትደርሱ ቁሙ። አንገታችሁን ብቻ አውጥታችሁ ግራ፣ ቀኝ፣ እንደገና ግራ እዩ። ከዚያ እለፉ።

ሦስተኛ፣ ሰው ካለበት መኪና ጀርባ አትለፉ፤ ዙሩ። ሌላ መንገድ ከሌለ ሹፌሩ እስኪያያችሁና በእጁ እስኪያሳልፋችሁ ጠብቁ። የሳይንስ ዘዴም አለ። ብርሃን ከመስታወት ላይ በሄደበት መንገድ ስለሚመለስ፣ በስፖኪዮው ውስጥ የሹፌሩ ፊት ካልታያችሁ እሱም በዚያ ስፖኪዮ እናንተን ሊያያችሁ አይችልም። የሹፌሩ ፊት ቢታያችሁም ወደ እናንተ እያየ መሆኑን አረጋግጡ።

አራተኛ፣ ከመኪና ስትወርዱ በሩን ከመክፈታችሁ በፊት እዩ። ከወረዳችሁ በኋላ ታላቅ ሰው እስኪመጣ መኪናውን ተጠግታችሁ ቁሙ እንጂ ቀድማችሁ አትሩጡ።

አምስተኛ፣ ኳስ መኪና ሥር ከገባ ሰው ያለበት መሆኑን ሳታዩ አትጎንበሱ። ሹፌር ካለ ንገሩት፤ ጎንበስ የሚል ሰው አይታየውም።

ስድስተኛ፣ ዝናብ ሲዘንብ ጃንጥላውን ወይም የጃኬቱን ኮፍያ ዓይናችሁ ላይ አታውርዱት። ሹፌሩም በዝናብ ውስጥ ለማየት እየተቸገረ ስለሆነ ቢያንስ አንዳችን እንይ።

6. የታናናሾቻችን ጉዳይ

ይህን ጽሑፍ ካነበባችሁ በኋላ እናንተ ትጠነቀቁ ይሆናል። ግን መጽሔታችንን የሚያነበው ማን ነው? ከአምስተኛ ክፍል በላይ ያለው ነው። የሦስትና የአራት ዓመት ልጅ ነጭ መብራት ምን እንደሆነ አያውቅም። እሱ «መኪናውን ካየሁት መኪናውም ያየኛል» ብሎ ነው የሚያስበው። ስለዚህ የእነሱ ጥንቃቄ በእኛ ላይ ነው።

እስቲ ልብ ብላችሁ እዩ፣ በግቢያችን ውስጥ ልጆች የት ነው የሚጫወቱት? ሜዳ በሌለበት ግቢ ሰኞ ማክሰኞ የሚሰመረው መኪና በሚቆምበት ሲሚንቶ ላይ ነው። ድብብቆሽ ሲጫወቱ ምርጡ መደበቂያ መኪና ጀርባ ነው። ልጅን «አትጫወት» ማለት ደግሞ አይቻልም። የሚቻለው ግን አለ።

ታላላቆች ስንሆን የድብብቆሹን ሕግ እናውጣ፦ «መኪና ጀርባና መኪና ሥር የተደበቀ ተበልቷል!» ብንል በቃ፣ ማንም እዚያ አይደበቅም። ልጆች ከእናት ምክር ይልቅ የጨዋታ ሕግ ያከብራሉ።

ሌላው ታኮ ነው። ተዳፋት ላይ የቆመ መኪና እንዳይንሸራተት ጎማው ሥር የሚደረገውን ድንጋይ ማለቴ ነው። ብዙ ልጆች ይህን ድንጋይ አንስተው ጎል ያደርጉታል። ያቺ ድንጋይ ግን ሥራ ላይ ናት! የእጅ ፍሬኑ ደካማ ከሆነ መኪናውን የያዘችው እሷ ብቻ ልትሆን ትችላለች። ጎል የሚሆን ሌላ ነገር አይጠፋም፤ ቦርሳም ጫማም ይሆናል። ታኮ ያነሳ ልጅ ካያችሁ ወዲያው ለጥበቃው ወይም ለአንድ ትልቅ ሰው ንገሩ። ራሳችሁ ጎማ ሥር እጃችሁን አታስገቡ።

ሦስተኛው፣ መኪና ሊነሳ ሲል ካያችሁ በዓይናችሁ ልጆቹን ቁጠሩ። አምስት ሆነው ሲጫወቱ የነበሩት አሁን አራት ከሆኑ አምስተኛው የት ነው? ካላገኛችሁት ሹፌሩ እንዲቆም እጃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ጩኹ። ልጁ ቤቱ ገብቶ ቢገኝም ማንም አይስቅባችሁም። እኛ ሰፈር ያሉት እናት ባይጮኹ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር አስቡት።

7. ለመምህራን፣ ለወላጆችና ለሹፌሮች

ውድ መምህራኖቻችንና ወላጆቻችን፣ ልጆች ብቻ ተጠንቅቀው አይበቃም። በክበባችን ስም በአክብሮት የምንጠይቃችሁ ጥቂት ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው፣ መኪናችሁን ስታቆሙ በኋላ ማርሽ ገብታችሁ አቁሙልን፤ ስትወጡ ወደ ፊት ትወጣላችሁ። ለምን ቢባል፣ ስትመጡ የምትገቡበት ባዶ ቦታ አሁን ያያችሁት ቦታ ነው። ስትወጡ ግን ከኋላችሁ ማን እንደመጣ አታውቁም። በተለይ ከሰዓት በኋላ ተማሪ በሚለቀቅበት ሰዓት ሰርቪሶች ወደ ኋላ ሲወጡ ግቢው በልጆች የተሞላ ነው።

ሁለተኛው፣ ከመነሳታችሁ በፊት አንድ ጊዜ መኪናውን በእግራችሁ ዙሩት። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ጀርባውን፣ ሥሩንና ጎማውን አይታችሁ ግቡ።

ሦስተኛው ለትምህርት ቤታችን ነው። ከዋናው በር እስከ መማሪያ ክፍሎቹ ድረስ የእግረኛ መስመር በነጭ ቀለም ቢሰመርልንና ጠዋት ተማሪ በሚገባበት፣ ከሰዓትም በሚወጣበት ጊዜ ለ15 ደቂቃ ያህል መኪና ግቢ ውስጥ ባይንቀሳቀስ ብዙ አደጋ ይቀንሳል። ቀለሙ ከተገኘ የክበባችን አባላት ቅዳሜ መጥተን ለማስመር ዝግጁ ነን።

አራተኛው በኮንዶሚኒየም ለሚኖሩ ወላጆች ነው። በኮሚቴ ስብሰባ ላይ ስለ ውኃና ስለ መብራት ሲነሳ ስለ መኪና ማቆሚያውም ይነሳ። አንድ ጥግ ብቻ እንኳ መኪና እንዳይገባበት ቢከለልና ለልጆች ቢተው፣ ልጆቹ ከመኪና መሃል ይወጡ ነበር።

8. ራሳችሁን ፈትኑ

1ኛ. በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ2 ሴኮንድ ስንት ሜትር ይሄዳል?
2ኛ. ከመኪና ኋላ የሚበራ ነጭ መብራት ምን ያመለክታል?
3ኛ. የድብብቆሽ ጓደኛችሁ ፒክአፕ ጀርባ ተደብቋል፤ ፒክአፑ ውስጥ ሹፌር አለ። መጀመሪያ ምን ታደርጋላችሁ?
4ኛ. በሰፈራችሁ ግቢ ውስጥ ሹፌር የማያያቸውን ሦስት ቦታዎች ጻፉ።

መልስ፦ 1ኛ. 18,000 ሲካፈል ለ3,600 በሴኮንድ 5 ሜትር ነው፤ በ2 ሴኮንድ 10 ሜትር። 2ኛ. መኪናው የኋላ ማርሽ እንዳስገባ። 3ኛ. መኪናው ጀርባ ሳትሄዱ፣ ሹፌሩ በሚያያችሁ በኩል ራቅ ብላችሁ ቆማችሁ እጃችሁን እያሳያችሁ «ልጅ አለ!» ብላችሁ ታስቆሙታላችሁ። ልጁን የምትጠሩት መኪናው ከቆመ በኋላ ነው። 4ኛው መልስ በእናንተ እጅ ነው፤ ጽፋችሁ ሚኒ ሚዲያ ክፍል በር ላይ ባለው ሳጥን ውስጥ ጨምሩ። ሰብስበን በሰልፍ ሰዓት በድምፅ ማጉያው እናነበዋለን፣ የግቢያችሁም ልጆች እንዲያውቁት።

ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ ከትምህርት ቤት ስትመለሱ ግቢያችሁ በር ላይ ጥንቃቄያችሁን ለጥበቃው አታስረክቡ፤ ይዛችሁት ግቡ። በሚቀጥለው እትም በሌላ ትምህርት እስክንገናኝ በሰላም ቆዩ።

ከሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል፣ 7ኛ ክፍል